ባለ አምስት ሺህ የኑ መምህር

አጎቴ በ1980ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ለስድስት ወር ሥልጠና ጃፓን ሄዶ ነበር። ይዞ ከመጣው ዕቃ ቴፑ ተበላሸ፣ ካሜራው ተሰረቀ፣ ለእናቴ ያመጣላት ጃንጥላ ታክሲ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። እስከዛሬ ቤታችን ያለው ፓስፖርቱ ሽፋን ውስጥ ረስቶት የተመለሰው አንድ የ5000 የን ኖት ብቻ ነው። ያኔ ቢመነዝረው ደህና ብር ያወጣለት ነበር። «ሰውዬውን ወደድኩት» ብሎ አልበም ውስጥ ከተተው፤ በአያቴ ጉርድ ፎቶና በአክስቴ የሠርግ ፎቶ መካከል።

ልጅ ሳለሁ ሰውዬው ዘመዳችን ይመስለኝ ነበር። መነጽር ያደረገ፣ ሪዙን ያሳመረ፣ ኮትና ከረባት የለበሰ ሽማግሌ። ኖቱ ላይ ክብ ተደርጎ የተሣለ ካርታም አለ፤ ካርታውን የሞላው የብስ ሳይሆን ውቅያኖስ ነው። የውቅያኖሱ ነገር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አጎቴ ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይስቃል። አሠልጣኞቹን «ይሄ ጄኔራል ማነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጄኔራል አይደለም፣ አስተማሪ ነው» አሉት። የ1000 የኑንና የ10,000 የኑን አውጥቶ አሳያቸው። እነዚያም አስተምረው ያውቃሉ። «ታዲያ ወታደሮቻችሁን የት አደረጋችኋቸው?» አልኳቸው ይላል። ይህን ማለቱን እጠራጠራለሁ፤ አጎቴ ታሪክ ማሳመር ይወዳል። የኖቶቹ ነገር ግን እውነት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1984 ገንዘቧን ስትቀይር በ10,000ው ላይ የኬዮ ትምህርት ቤት መሥራች ፉኩዛዋ ዩኪቺን፣ በ1000ው ላይ ደራሲና የእንግሊዝኛ መምህር የነበረውን ናትሱሜ ሶሴኪን፣ በ5000ው ላይ ደግሞ ኒቶቤ ኢናዞን አተመች። የእኛ አልበም ውስጥ ያለው ኒቶቤ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፤ ካልሆኑ እናገራለሁ።)

ስለዚህ ሰው ለማንበብ የተነሣሁት ግን በአጎቴ ምክንያት አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሁለት ዓመት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምሬያለሁ። ያኔ ትምህርቱ አሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ ሀገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ቁጠባ እያለ ይወርዳል። ተማሪዎቼ እንደ ውዳሴ ማርያም ሳያስተጓጉሉ ይደግሟቸው ነበር። አንድ ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ፈተና ስቆጣጠር ከአንድ ልጅ እጅጌ ውስጥ አጤሬራ አወጣሁ። በደቃቅ ጽሕፈት የተጻፈው የመጀመሪያው መስመር «ኃላፊነት ማለት» ይላል። ልጁ አለቀሰ፣ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፍቶ ነበር። ይህን ልጅ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ምን አስተማርኩት?

ኒቶቤን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው አንድ የእግር መንገድ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ጀርመን አገር ሲማር ሳለ፣ ኤሚል ደ ላቭሌ የሚባሉ የታወቁ ቤልጂጋዊ ምሁር ቤት በእንግድነት አርፎ ነበር። እየተንሸራሸሩ ወሬው ወደ ሃይማኖት ዞረ። ሽማግሌው «በትምህርት ቤቶቻችሁ የሃይማኖት ትምህርት የለም ነው የምትለኝ?» አሉት። «የለም» ሲላቸው በመገረም ቆም ብለው «ታዲያ ልጆቹን ግብረ ገብ በምን ታስተምሯቸዋላችሁ?» ብለው ጠየቁት። ኒቶቤ መልስ አጣ። በኋላ ራሱ እንደጻፈው፣ የጠፋው መልስ ብቻ አልነበረም። በልጅነቱ ስለ ደግና ክፉ የተማረው ሁሉ ከትምህርት ቤት የመጣ እንዳልሆነ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ከየት እንደመጣ ደግሞ መናገር አቃተው።

አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ መልሱን በመጽሐፍ ጻፈው። በሥራ ብዛት ነርቩ ታውኮ ለሕክምና ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አርፎ ሳለ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ቡሺዶ፦ የጃፓን ነፍስ» አለው። በ1900 ፊላደልፊያ ታተመ። ቡሺዶ ማለት የጦረኛ መንገድ ማለት ነው። መልሱ ባጭሩ ይኼ ነው፦ እኛን ያሳደገን የሳሙራይ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ከጦረኛው ቤት ወጥቶ ቀስ በቀስ እስከ ገበሬው ጎጆ ወርዷል። መጽሐፉ ዓለምን ዞረ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀር ብዙ ቅጂ ገዝቶ ለወዳጆቹ አድሏል።

መጽሐፉን መጀመሪያ ሳነብ ስለ ጃፓን ሳይሆን ስለ አንድ የራሳችን ቃል አሰብኩ። ጨዋ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጨዋ የሚባሉት የንጉሡ ጭፍሮች ነበሩ፤ በየጠረፉ እየሰፈሩ አገር ይጠብቃሉ። ያ የወታደር ስም ዘመናት ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሥነ ሥርዓት ያለው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር፣ የሰው ፊት የማያይ የቤተሰብ ልጅ ሆኗል። «የጨዋ ልጅ ናት» ስንል ቅድመ አያቷ ጦር ይዘው እንደነበር ማን ያስታውሳል? ስለዚህ አንድ ጃፓናዊ «ምግባራችን ከጦረኛው ቤት ወጣ» ቢለኝ ለመቀበል አልቸገርም፤ ቃላችን ራሱ ያንኑ መንገድ ሄዷል።

ግን ደግሞ መልሱ ጎደሎ ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። መጽሐፉ እንደወጣ፣ ጃፓንን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ኒቶቤ የሚተርክላቸው ቡሺዶ በእንዲህ ዓይነት የተሟላ መልክ ከዚያ በፊት ነበረ ብለው አልተቀበሉትም። ገጾቹን የሞሉትም የአውሮፓ ፈላስፎችና ባለቅኔዎች ናቸው፤ ከጃፓን ምንጮች ይልቅ ሼክስፒር ይበዛል። ለፈረንጅ ጠያቂ፣ በፈረንጅ ቋንቋ፣ ፈረንጅ በሚገባው ምሳሌ የተሰጠ መልስ። ደግሞ የጻፈው ሰው ክርስቲያን ነበር፤ ያውም ጦርነትን በመርህ የሚቃወሙት የኩዌከሮች ማኅበር አባል። የሳሙራይን ጎራዴ ያወደሰው እሱ ነው። ይህን ሳውቅ አንዴ መጽሐፉን ዘግቼው ነበር።

እንደገና የከፈትኩት ስለ ልጅነቱ ካነበብኩ በኋላ ነው። ኒቶቤ በ1862 በሰሜን ጃፓን ሞሪዮካ ከሳሙራይ ቤት ተወለደ። ቤተሰቡ ግን ከጎራዴ ይልቅ በዶማ ነው የታወቀው። አያቱና አባቱ ሳንቦንጊ የሚባለውን ደረቅ ሜዳ ከወንዝ ቦይ ስበው ወደ ሩዝ ማሳ የለወጡ ሰዎች ናቸው፤ የልጁም ስም ከዚያ መሬት ከተገኘው ከመጀመሪያው የሩዝ አዝመራ የተወሰደ ነው። አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። በዘጠኝ ዓመቱ ለትምህርት ቶኪዮ፣ አጎቱ ዘንድ ተላከ። እናቱን ለማየት አሥር ዓመት ያህል ጠብቆ በ1880 ወደ ሞሪዮካ ሲጓዝ አልደረሰባቸውም። እሱ ደጁን ሲረግጥ እናቱ ሴኪ ዐርፈው ነበር።

ያኔ በሆካይዶ ደሴት የሳፖሮ እርሻ ኮሌጅ ተማሪ ነው። ኮሌጁን ያቋቋመው ዊልያም ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ስምንት ወር ብቻ አስተምሮ ተመልሷል፤ ኒቶቤ በ1877 ሲገባ እንኳን አላገኘውም። ያገኘው ክላርክ ትቶት የሄደውን፣ ተማሪዎች የክርስትና ቃል ኪዳን የሚፈርሙበትን ወረቀት ነው። ፈረመ። የክፍል ጓደኛው ኡቺሙራ ካንዞም ፈረመ። ስለ ኡቺሙራ እመለስበታለሁ።

በ1883 ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲጠየቅ ከግብርና ጎን እንግሊዝኛ ለምን እንደፈለገ ለፕሮፌሰሩ አስረዳ፦ «የፓሲፊክ ውቅያኖስ ድልድይ መሆን እፈልጋለሁ።» የ21 ዓመት ልጅ ንግግር ነው፤ እንደዚያ ዕድሜ ንግግሮች ሁሉ ትንሽ ያሳፍራል። ግን ያዘልቀዋል። አልበማችን ውስጥ ያለው ኖት ላይ የታተመው ውቅያኖስም ያ ነው። ቀጥሎ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ከዚያ ጀርመን። በጥር 1 ቀን 1891 ፊላደልፊያ ላይ ሜሪ ኤልኪንተን የተባለች የኩዌከር ልጅ አገባ፤ ወላጆቿ አልተደሰቱም። ወዲያው ይዟት ወደ ሳፖሮ ተመለሰ።

የእኔ ኒቶቤ የሚጀምረው እዚህ ነው። በ1892 ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ቶማስ አሉት። ከሳምንት ብዙም አልዘለለም፣ ሞተ። ከዚያ በኋላ የወለዱት ልጅ የለም። ሜሪ ታመመች፣ ለማገገም ወደ አገሯ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን ከሜሪ ወላጆች ቤት ያደገች አንዲት ሴት ስትሞት ለሜሪ ገንዘብ ተናዘዘችላት፤ አንድ ሺህ ዶላር ይባላል። በሰው ቤት ያደገች ሴት ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ባልና ሚስቱ በዚያ ብር በ1894 ሳፖሮ ውስጥ በድሆች ሰፈር የማታ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ስሙን ኤንዩ አሉት፤ ከኮንፊሽየስ ቃል የተወሰደ ሲሆን ከሩቅ የመጣ ወዳጅ እንደማለት ነው። ወዳጅዋ ያቺ ሴት ትሁን ወይም ትምህርት ፈልጎ የሚመጣው ሁሉ፣ አንባቢ ይምረጥ። ክፍያ የለም። የዕድሜ ገደብ የለም። ወንድም ሴትም ይገባል። ቀን ሲሠሩ የዋሉ ልጆችና አዋቂዎች ማታ መጥተው ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሒሳብ፣ ልብስ ስፌት ይማራሉ። አስተማሪዎቹ የኮሌጁ ተማሪዎች ናቸው፤ ደሞዝ የላቸውም። ግድግዳው ላይ በኒቶቤ እጅ የተጻፈ የሊንከን ቃል ተሰቅሎ ነበር፤ በማንም ላይ ክፋት ሳንይዝ፣ ለሁሉም በበጎነት የሚለው። በኋላ ዘመን ደግሞ ሌላ ጻፈላቸው፦ ከዕውቀት ይልቅ ተግባር።

ልብ ይባል፣ ኒቶቤ በ1890ዎቹ መጨረሻ ታሞ ሳፖሮን ለቀቀ፤ ለሥራ አልተመለሰባትም። ከማታ ትምህርት ቤቱ አጠገብ የኖረው አራት ዓመት ግድም ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ሃምሳ ዓመት ቆየ። አንዱ የተማሪ ትውልድ ለሌላው እያስረከበ፣ አንድ ጊዜ ዝነኛው ደራሲ አሪሺማ ታኬኦ እየመራው፣ በክረምቱ በረዶ ውስጥ፣ በነጻ። የተዘጋው በ1944፣ ጦርነቱ ባመጣው ጫና ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ይገርመኛል። ለቤልጂጉ ምሁር መልስ ሆኖ የወጣው መጽሐፍ ስለ ጨዋው ነው፣ ስለ ጦረኛው። ሳፖሮ ላይ የከፈተው ትምህርት ቤት ደግሞ በሌላኛው ትርጉሙ የጨዋ ነው። ፊደል ያልቆጠረውን ሰው እኮ አባቶቻችን ጨዋ ነው ይሉታል። የመጀመሪያው ታተመ፣ ተተረጎመ፣ ተጠቀሰ። ሁለተኛው ከመጽሐፉ ስድስት ዓመት በፊት ሥራ ጀምሯል፤ መልስ ፍለጋ ካሊፎርኒያ ድረስ የሄደው ሰው መልሱን እቤቱ ትቶት ነው የሄደው ብዬ አስባለሁ። ይህ የኔ ፍርድ ነው፤ እሱ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

እዚህ ላይ ወደ ኡቺሙራ ልመለስ። የጃፓን መንግሥት ለዚያው ጥያቄ የራሱን መልስ ሰጥቶ ነበር። ሹሺን የሚባለው የግብረ ገብ ትምህርት ከ1880 ጀምሮ ከትምህርቶች ሁሉ ፊት እንዲሰለፍ ተደረገ። በጥቅምት 1890 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ትምህርት ያወጡት ቃል መጣ፤ ለወላጅ መታዘዝን፣ ለወንድም መዋደድን፣ ሲጠራ ለዘውዱ ራስን መስጠትን የሚያዝዝ አጭር ጽሑፍ። በየትምህርት ቤቱ በክብር ይነበባል፣ ይሰገድለታል። በጥር 1891፣ ኒቶቤ ገና ሙሽራ ሳለ፣ ኡቺሙራ ቶኪዮ አንደኛ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር ነበር። ተራው ደርሶ ወደ ጽሑፉ ሲቀርብ እንደሌሎቹ አጎንብሶ አልሰገደም፤ አንገቱን ብቻ ቀለስ አደረገ። ከሃዲ ተባለ፣ ሥራውን አጣ፣ በዚያው መከራ ውስጥ ሚስቱ ሞተችበት።

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1906፣ የዚያ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኖ የተሾመው ኒቶቤ ነው። አገሪቱን ሊመሩ የታጩ ወጣቶች የሚማሩበት ቦታ ነው። ልጆቹ ራሳቸውን ከተማው ውስጥ እንደተዘጋ ግንብ አድርገው ያዩ ነበር፤ ውጪ ያለው ሁሉ ርካሽ፣ እነሱ ንጹሕ። ኒቶቤ ይህን ነገር አልወደደም። ከሰው ጋር መኖር ተማሩ ይላቸዋል። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይቶ በሳምንት አንድ ቀን የፈለገ ተማሪ ሁሉ መጥቶ የፈለገውን እንዲጠይቀው ከፈተላቸው። አንዳንዶቹ ለሁሉም ፈገግ የሚል ሰው ነው ብለው አሙት። የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ደግሞ በሌላ አሙት፦ ለሱቅ ሠራተኛና ለተላላኪ በሚታተም የወሬ መጽሔት ላይ ፕሮፌሰር እንዴት ይጽፋል? እሱ ግን ጻፈ፤ ራስን ስለመግራት የጻፋቸው ጽሑፎች በ1911 በመጽሐፍ ወጥተው ትምህርት ቤት ደጅ ያልደረሱ ሰዎች ደጋግመው ገዙት።

በዚያው ዓመት የደረሰውን ነገር ልጨምር፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነውና። በጥር 1911 ንጉሠ ነገሥቱን ለመግደል አሲራችኋል ተብለው 12 ሰዎች ተሰቀሉ። ሬሳቸው ሳይቀዘቅዝ፣ የካቲት 1 ቀን፣ ደራሲው ቶኩቶሚ ሮካ በተማሪዎቹ ተጋብዞ እዚያው ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ወጣና ስለ ተሰቀሉት ሰዎች ተሟገተ፤ ዐመፅን አትፍሩ አላቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ተቆጣ። ጋባዦቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ስም ዝርዝር መስጠት፣ ማባረር፣ ማስፈራራት ይቻል ነበር። ኒቶቤ ኃላፊው እኔ ነኝ አለ። ተግሣጹን ተቀበለ፣ ልጆቹ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። «ኃላፊነት ማለት» ከሚለው ቀጥሎ ምን ይጻፋል ብለው ለሚጠይቁ፣ እኔ ይኼን እጽፍ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ከተማሪዎቹ መካከል ዋትሱጂ ቴትሱሮ የሚባል ልጅ ነበረ፤ በኋላ የጃፓን ታላቁ የሥነ ምግባር ፈላስፋ የሆነ። ዋትሱጂ ብዙ የተፈላሰፈበት ቃል «ኒንገን» ነው፣ ሰው ማለት ነው። በሁለት ምልክት ይጻፋል፤ አንዱ «ሰው»፣ ሁለተኛው «መሀል»። ምግባር የሚኖረው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሳይሆን በሰውና በሰው መሀል ነው ይላል። ከኒቶቤ ሳሎን ተማረው ማለቴ አይደለም። ግን ደስ ይለኛል።

የኒቶቤን ታሪክ እዚህ ላይ ብዘጋው እኔም እንደ አጎቴ ታሪክ አሳመርኩ ማለት ነው።

ይህ ሰው የቅኝ ግዛት ባለሙያ ነበር። በ1901 ጃፓን ይዛት ወደነበረችው ታይዋን ሄዶ የሸንኮራ አገዳውን ልማት የመራ እሱ ነው። (ሥራውን ሲቀበል ካቀረባቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት እንቅልፍ እንዲፈቀድለት ነበር፤ ተፈቀደለት።) ስኳሩ በእርግጥ በዛ፤ መሬቱና ላቡ ግን የታይዋን ገበሬ ነው። በኋላ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የቅኝ ግዛት ፖሊሲ አስተማረ። በ1906 ኮሪያን ጎብኝቶ የጻፈው ጽሑፍ አለ፤ ሕዝቡን እንደደረቀ ዛፍ፣ ዘመኑ እንዳለፈበት አድርጎ የሳለ። የሳፖሮን የቀን ሠራተኛ ልጅ ዓይን አይቶ መማር ይችላል ያለው ሰው፣ የኮሪያን ገበሬ አይቶ ምንም አልታየውም። እንዴት? እንግዲህ በጎነት ድንበር ሲያይ ይቆማል መሰለኝ።

ቀጥሎ ጄኔቫ ነው። ከ1920 እስከ 1926 የመንግሥታት ማኅበር ምክትል ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። አንስታይንና ማሪ ኪዩሪ የተቀመጡበትን፣ በርግሶን የመራውን የምሁራን ኮሚቴ ሥራ የሚያሳልጠው እሱ ነበር፤ የዛሬው ዩኔስኮ ቀዳሚ ነው። በእነዚያ ዓመታት፣ መስከረም 28 ቀን 1923፣ የእኛ መልእክተኞች ጄኔቫ ላይ ቆመው ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ሆነች። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1916፣ የመስቀል ዕለት። ኒቶቤ ያኔ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሹም ነው።

ያ ማኅበር በኋላ ምን እንዳደረገን ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ግን ስንጥቁ የጀመረው በእኛ አይደለም፣ በማንቹሪያ ነው። በመስከረም 1931 የጃፓን ጦር የቻይናን ማንቹሪያ ወረረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፤ የኛ ምሁራን ያቺን አገር እንደ አርአያ የሚያዩበት ጊዜ ነው፣ ሕገ መንግሥታችንም ያን ዓመት የወጣው የነሱን አይቶ ነው። ኒቶቤ ደግሞ የጦሩን ነገር ከውስጥ ያውቃል። በየካቲት 1932 ማትሱያማ ከተማ ላይ ለጋዜጠኞች፣ እንዳይጻፍ ብሎ፣ ጃፓንን የሚያጠፏት ወይ ኮሚኒስቶቹ ወይ የጦሩ ጭፍራ ናቸው፣ ከሁለቱ የሚያስፈራው ጦሩ ነው አለ። ተጻፈ። የጋዜጦቹ ጩኸት፣ ዛቻ፣ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ቁጣ። በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ።

ከሁለት ወር በኋላ መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ገባ። አሜሪካ በ1924 የጃፓን ስደተኞችን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ፣ ሕጉ ካልተሻረ አልረግጣትም ብሎ ምሎ ነበር። ሕጉ ሳይሻር ረገጣት። በየከተማው እየዞረ፣ በሬዲዮም፣ የጃፓንን የማንቹሪያ ሥራ ለአሜሪካኖች ሊያስረዳ ሞከረ። የቆዩ ወዳጆቹ ጀርባቸውን ሰጡት፤ ኩዌከሩ የጦሩ ጠበቃ ሆነ አሉ። አገሩ ውስጥ ከሃዲ፣ ውጭ አገር አጎብዳጅ። ድልድይ ከሁለቱም ወገን ይረገጣል የሚል ለሱ አዛኝ አንብቤያለሁ። እኔ እንደ ኢትዮጵያዊ እንደዚያ ማዘን ያቅተኛል። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው በጄኔቫ አዳራሽ ስለተወረረ ሕዝብ ሲነገር ጆሮ የጠፋው፣ ስለ ማንቹሪያ ጊዜ ጆሮ መዝጋት ስለተለመደ ነው። የተማሪዎቹን ተግሣጽ የተሸከመው ርእሰ መምህር የት ሄደ? ሰባ ዓመቱ ነበር፤ ታሟል፤ ፈርቷል ይሆናል። አገሬን የውጭ ሰው ፊት አላዋርድም ማለት እንዴት ያለ ወጥመድ እንደሆነ ደግሞ እኛም እናውቀዋለን።

ጃፓን በመጋቢት 1933 ከማኅበሩ ወጣች። ኒቶቤ በዚያ ክረምት ካናዳ፣ ባንፍ ላይ በተደረገ ጉባኤ የጃፓንን ልዑክ መራ። ጉባኤው ካለቀ በኋላ ቪክቶሪያ ከተማ ላይ ታሞ ወደቀ፤ ጥቅምት 15 ቀን ሞተ፤ ከፓሲፊክ ማዶ፣ አገሩ ሳይመለስ።

ተማሪዎቹ ቀሩ። የቅኝ ግዛት ፖሊሲ ወንበሩን የወረሰው ያናይሃራ ታዳኦ፣ መምህሩ ያልቻለውን ነገር አደረገ፤ የጦርነቱን መንገድ በጽሑፍ ተቃወመና በ1937 ከዩኒቨርሲቲው ተገፍቶ ወጣ። ጃፓን ተሸንፋ ፍርስራሽ ላይ ስትቆም የትምህርት ሚኒስትሩ የኒቶቤ ተማሪ ማኤዳ ታሞን ነበር። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የኒቶቤ ተማሪ ናንባራ ሺገሩ፤ ከሱ ቀጥሎ ያው የተባረረው ያናይሃራ። ሹሺን በ1945 የመጨረሻ ቀን በአሜሪካኖች ትእዛዝ ቆመ። ያቺ የሳምንት አንድ ቀን የኪራይ ቤት ግን ሥራዋን ጨርሳ ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት የማታ ተማሪ ልጅ ስለሆንኩ ነው። እማዬ ቀን ሰው ቤት እየሠራች ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ማታ ነው የተማረችው። የሚጠብቀኝ ሲጠፋ ይዛኝ ትሄድ ነበር፤ ኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተጠቅልዬ እተኛለሁ። ባለፈው ፋሲካ አልበሙን ስናገላብጥ ኖቱ ወጣ። የሰውዬውን ታሪክ ነገርኳት፤ ስለ ሳፖሮ ስደርስ ዝም ብላ አዳመጠችኝ።

«እኛ ጋ አንድ ሒሳብ አስተማሪ ነበር» አለች። «ትምህርት ሲያልቅ መብራት የለም፣ ሰፈሩ ውሻ ነው። ሴቶቹን ሁሉ ሰብስቦ እስከ አስፋልት ድረስ በባትሪ ይሸኘን ነበር። አንተን አንዳንድ ጊዜ እሱ ነው የሚያዝልህ።»

ሒሳቡን ጠየቅኋት። ሳቀች፤ ከክፍልፋይ በላይ የሚያስታውሳት የለም። ስሙን ጠየቅኋት። አሰበች፣ አሰበች፣ ጠፋባት። ባትሪው ግን ቀይ ነበር አለች፤ ድንጋዩ ሁልጊዜ እያለቀበት መዳፉ ላይ እየመታ ነበር የሚያበራው።